ብረት ይሁንልኝ

አራጌን የማያውቅ የቆቦ ሰው ቢኖር እንግዳ ነው፤ የአራጌን ደረት ያልነካ ሰው ቢኖር ግን የራሱ ስንፍና ነው። ጦርነቱ በከተማዋ ባለፈበት ዓመት ከገበያው ዳር ከባድ መሣሪያ ወድቆ ግራ ትከሻውን በፍንጣሪ ወጋግቶት ነበር። ያከመው ሐኪም የሚወጣውን አወጣ፣ የማይወጣውን ተወና፣ "ውስጥ የቀሩ ጥቃቅን ብረቶች አሉ፤ ካላስቸገሩህ አታስቸግራቸው" ብሎ ሸኘው። አራጌ ይህችን ቃል እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሏት ኖረ። ቁስሉ ከጠገገ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በግራ ጡቱ ጫፍ ሥር የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር እጁ ላይ ሲመጣበት ቅንጣት ታህል አልደነገጠም። "ወርዶ ነው" አለ። "ብረቱ ከትከሻዬ ወርዶ ደረቴ ላይ አርፏል።"

ከዚያ ወዲያ ጫት በተቃመበት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሸሚዙን ገለጥ እያደረገ "ንካው፤ አይዞህ፣ አይናከስም" ማለት ልማዱ ሆነ። ጎረምሶቹ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው "ያ ረቢ!" ይላሉ። አብሮት የቆሰለው ጓደኛው ደሳለኝ "ባለ ብረቱ" የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ሮቢት ድረስ ሄደ። ጎብዬ ገበያ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው "አንተ ነህ ባለ ብረቱ?" ብሎ ሻይ እንደጋበዘው ስንት ጊዜ እንዳወራው ሚስቱ ትቁጠረው። ሽምብራዋ አድጋ ባቄላ ስታክልም ለአራጌ ያችው ብረት ነበረች። ብረት ያድጋል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

ለነገሩ ብረት የሚያውቅ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ግመል እየነዳ ወደ አፋር ሲወርድና ሲወጣ የኖረ የራያ ልጅ ቢሆንም፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ የመስኖ ፓምፕ ሲተከል ግመሎቹን ሸጦ የፓምፕ ሠራተኛ ሆነ። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ታሟል ወይም ደህና ነው ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ውሃ የዘገየባቸው የሽንኩርት ገበሬዎች ሊጣሉት ይመጡና በቀልዱ ስቀው ይመለሳሉ። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ እባብ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሱ ዱላውን ይዞ የሚገባ ነው። ፈሪ አይደለም። ማንም የማያውቀው አንድ ፍርሃት ግን ነበረው፤ የሚፈራውም የጡት ወተትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ ዘሊካ ስትታመም አራጌ ገና ሚስት አላገባም ነበር። "የሴት ሕመም ነው" ተብሎ ወንድ ወደ ጓዳው አይገባም። እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ ስታቃስት ይሰማል፤ የሚከብድ ሽታም ነበር፤ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። አንድ ጠዋት ሴቶቹ ሲጮኹ ሰማ፤ እናቱንም ቀበረ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከጦርነቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ታናሽ እህቱ ፈሪሀ እንደዚያው ሆነች። ፈሪሀን እንኳ ደሴ ወስዷት ነበር። እዚያ "የጡት ካንሰር ነው፤ ዘግይታችኋል" አሉት። ይዟት ተመለሰ፤ ብዙም አልቆየችም።

የቀብሯ ዕለት ሰው አፈር ሲመልስ አራጌ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያደረቀው ሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻ ልጁ ኢስራ ትዝ ብላው ነው። ኢስራ ጨቅላ ሳለች እናቷ ሀስና በወባ ወድቃ ወተቷ ነጥፎ ነበር። ያን ክረምት ጡት ሰጥታ ያቆየቻት ይህችው አሁን ጉድጓድ የገባችው አክስቷ ፈሪሀ ናት። በራያ ደግሞ የጡት ነገር ቀላል አይደለም። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ወተት ሥጋ ዘመድ የሚያደርግ ከሆነ በሽታውንስ ለምን አያደርግም? አራጌ እመቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ይህን አሰበ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሐሳቡ አልለቀቀውም።

ኢስራ ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት አላት። ጎረምሶቹ ሳይጠማቸው ማንጎ የሚጠጡላት፣ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ልጅ ናት። አባቷ ግን ጎኗን ስትይዝ ይደነግጣል፤ ስትከሳ ይደነግጣል፤ ደክሞኛል ስትል ምግብ አይወርድለትም። "እያት እስቲ ይችን ልጅ፤ ሰውነቷን እያት" ይላል ሀስናን።

"ምኗን ልያት? አንተ ሰው፣ ደህና ነህ?" ትለዋለች።

እውነቱን ሊነግራት አልደፈረም። "ወባዬ ነው ልጄን ያስመረዛት" ብላ ራሷን ትበላለች ብሎ ፈራ። ስለዚህ ብቻውን ሲፈራ ኖረ።

በዚህ መሀል ነው ማህበሩ የመጣው። ካንሰር በዘር የሚወርድባቸውን ቤተሰቦች የሚያስተምርና የሚያግዝ፣ ደሴ ላይ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማህበር ነው ተባለ። የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ዳኛ ካሳው ለቀብር እንደሚጠራ ሁሉ በየሰፈሩ አስለፈፈ፤ "ሴቱ ብቻ አይደለም፣ ወንዱም ይምጣ ተብሏል" ብሎ። ወንዶቹ እያጉረመረሙ መጡና ቅሬው ከሚሰበሰብበት ሾላ ሥር ወደ ኋላ ተቀመጡ። አራጌ ግን ፊት ተቀመጠ። ኢስራንም ጭማቂ ቤቷን አዘግቶ ጎኑ አስቀመጣት። ሰው ሁሉ ምን ነካው አለ።

ያስተማረችው ሊድያ የምትባል ነርስ ናት። ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋ ግን ከኋላ ላሉትም ይሰማል። "ካንሰር የያዘው ሰው ሁሉ በዘር ነው የያዘው ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም" አለች። "ነገር ግን ከአንድ ቤት እናትም እህትም እየተከታተሉ የታመሙ እንደሆነ የቀሩት ሳይታመሙ መታየት አለባቸው። እኛ የምንሠራው ከእነሱ ጋር ነው። የት እንደምትታዩ እናሳያችኋለን፤ ደሴ ስትመጡ የሆስፒታሉ በር ላይ እንቀበላችኋለን፤ የፈራ ሰው ካለም ቁጭ ብለን እንሰማዋለን።"

የፈራ ሰው ስትል አራጌ እጁን አወጣ።

"እቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ በሽታ በወተት ይሄዳል?"

"እንዴት ማለት ጋሼ?"

"በሽታው ያለባት ሴት የሰው ልጅ ብታጠባ፣ ወደ ልጁ ይሻገራል ወይ?"

ሀስና ከሴቶቹ መሀል አንገቷን ቀና አደረገች።

"አይሻገርም" አለች ሊድያ። "ካንሰር በወተት አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። ያ ሕፃን በጠባው ወተት ምንም አይሆንም።"

"ወላሂ በይኝ!"

ሊድያ ሳቅ ብላ "እውነቴን ነው ጋሼ" አለች።

"አልሀምዱሊላህ!" አለ አራጌ፤ ድምፁ ራሱን እስኪያስደነግጠው። የስንት ዓመት ሸክም ከላዩ ሲወርድ ተሰማው። ቢጨፍር ደስ ባለው። እንባው መጣ፤ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ኢስራ ምን እንደነካው ሳይገባት እጁን ያዘችው።

ሊድያ ግን ወደ ሌላ ጠያቂ አላለፈችም። እሱኑ እያየችው "ያጠባችው ሴት ምንዎ ናት?" አለችው።

"እህቴ ናት። ፈሪሀ። አላህ ይዘንላት።"

"ከቤተሰቡ ሌላ የታመመ ነበር?"

"እናታችን። ያኔ ስሙን አናውቀውም እንጂ እሱው ነው።"

"ሕፃኑስ?"

"ሕፃኑማ ይችውልሽ!" አለ የኢስራን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። "የኔ ልጅ ናት።"

ሊድያ ጠጋ አለችው። "ከትምህርቱ በኋላ ለብቻችን ብናወራ አይሻልም ጋሼ?" ብትለው፣ ደስታ ያሰከረው ሰው አይደል፣ "ምን የሚደበቅ አለ? እዚሁ ንገሪኝ" አለ።

"እሺ" አለች ቀስ ብላ። "ወተቱን ተዉት። እንዲህ ያለው በደም ነው የሚወርደው፤ ከእናትም ከአባትም። ልጅ ግማሹን ከእናቱ ግማሹን ከአባቱ ነው የሚወስደው። እናትዎ ለእህትዎ አውርሰዋት ከሆነ ለእርስዎም አውርሰውዎት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ላይ ካለ ደግሞ ወደ ልጅዎ የመሄዱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። አባት ወንድ ነው ብሎ አይዘለውም።"

"በኔ በኩል?" አለ አራጌ። "እኔ ጡት አለኝ እንዴ?"

ወንዶቹ ሳቁ። ሊድያ አልሳቀችም። "ትንሽ ቢሆንም ወንዱም ጡት አለው። ወንዱም ይታመማል፤ ግን ጥቂት ነው። ወንድ ላይ ሲታይ እንዲያውም በዘር የመምጣቱ ነገር ይበረታል። ብዙ ጊዜ ከጡቱ ጫፍ ሥር ሕመም የሌለው ጠጣር ነገር ሆኖ ነው የሚጀምረው።"

"እንግዲያ የባለ ብረቱን ብረት እዪለት!" አለ ደሳለኝ ከኋላ።

ሳቁ ተነሳና መሀል ላይ ቆመ። እያንዳንዱ ሰው የነካው ነገር በጣቱ ላይ ትዝ ያለው ይመስል እጁን ሰበሰበ። ሊድያ "የምን ብረት?" ብላ ጠየቀች።

"የጦርነት ነው። ፍንጣሪ ነው" አለ አራጌ። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። "ፓምፑን ላጥፋ" ብሎም ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን መብራት ስላልነበረ ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም።

ፓምፕ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያወጣው፣ የወደቀ ብሎን የሚለቅምበት ማግኔት ነበረው። ሸሚዙን አወለቀና መጀመሪያ ትከሻው ላይ አደረገው። ማግኔቱ ቆዳውን ሳብ አደረገ፤ ብረቶቹ አሉ። ልቡ ተረጋጋ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደረቱ አወረደው። ጡቱ ጋ ሲደርስ ማግኔቱ ዝም አለ። ላቡን ጠርጎ እንደገና ሞከረ። ጫን አድርጎ ሞከረ። ማግኔቱን ገልብጦ ሞከረ። ምንም የለም።

"ናስ ነው" አለ ጮክ ብሎ፣ የሚከራከረው ሰው ያለ ይመስል። "ማግኔት ናስ አይስብም። ይሄ ናስ ነው።"

ናስ መሆኑን እስከ ማታ አመነ። ቤቱ ሲገባ ግን ሀስና የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ያን ሁሉ ጊዜ 'እያት፣ እያት' የምትለኝ የፈሪሀን ወተት ፈርተህ ነው?" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። "ምነው ብትነግረኝ! አብረን አንፈራም ነበር?" ብላ አለቀሰች። ቀጥላም የሸሚዞቹን ነገር ጠየቀችው። ከሸሚዞቹ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ስታጥብ ከርማለች፤ ብረቱ ዝጎ ነው ብሏት ነበር። እሷም አምናዋለች። አሁን ታምነው እንደሆነ እሱም ሊጠይቃት አልፈለገም።

አራጌ በዚያ ሳምንት መስታወት አየ። ወንድ ልጅ ጢሙን ለመላጨት ካልሆነ መስታወት አያይም፤ ደረቱንማ እሱም አይቶ አያውቅም። ግራ ጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያው ያለው ቆዳ እንደተሰፋ ጨርቅ ተሸብሽቧል። ይህ ሁሉ ሰው ነክቶት፣ ይህ ሁሉ ሰው አይቶት፣ እሱ ብቻ አላየውም። ሸሚዙን ለብሶ ተቀመጠ።

ጫት ወደሚቃምበት ቤት መሄዱን ተወ። ደሳለኝ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢመጣ "ሥራ አለብኝ" ብሎ መለሰው። ሊድያ ስትደውል "እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" ይላታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ላለመሄድ ቆርጦ ነው። ሞትን ፈርቶ አይደለም። ሞትን በአፋር በረሃም፣ በጦርነቱም አይቶታል። አሁን የያዘው ፍርሃት ሌላ ነው። ያ የደረቱ ነገር ብረት ካልሆነ፣ በሽታው በእሱ አልፎ ወደ ኢስራ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ፈሪሀ ያጠባቻት ልጇ ባትሆንም አዝናላት ነው። እሱ ግን፣ አባቷ፣ ገና ሳትወለድ ሰጥቷት ሊሆን ነው። የልጁን ሳቅ ከመናኸሪያው ሲሰማ መንገድ ይለውጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢስራ ራሷ ፓምፕ ቤት መጣች። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከአራጌ በቀር ያን ሞተር ያጠፋ ሰው የለም፤ ገበሬዎቹ ከሜዳው ቀና ብለው አዩ።

"አባዬ፣ ሊድያን አነጋገርኳት።"

"ጥሩ።"

"ልትታዪ ነይ አለችኝ። ግን ምን አለችኝ መሰለህ፤ አባትሽ አስቀድሞ ቢታይ ለአንቺም ብዙ ነገር ይገልጥልናል አለች።"

"ብረት ነው ብዬ የለም? ብረት ከሆነ ወደ አንቺ የሚሄድ ነገር የለም። አለቀ።"

"ብረት ቢሆን እንኳ የአያቴና የአክስቴ ነገር አለ፤ መታየቴ አይቀርም። ብረት ካልሆነ ግን..."

"ብረት ነው!" ብሎ ጮኸባት። በዕድሜው ጮኾባት አያውቅም። ኢስራ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። አራጌ ወዲያው ጸጸተው።

"እኔ አሁን ማንጎ እየፈጨሁ ማሽኑን ማጥፋት እረሳለሁ" አለችው ቆይታ። "ገላዬን ስታጠብ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ሰው ሲያየኝ የሚያውቅ ይመስለኛል። አንተ ወተቱን ስትፈራ ለማንም አልተናገርክም። እኔ ግን እንዲያ መኖር አልችልም አባዬ። ወላሂ አልችልም። አንድ ነገር እንወቅ።"

አራጌ ፓምፑን ተደገፈ። ልጁ ዓይኗን ጨፍና ገላዋን ስትታጠብ በሐሳቡ አያት። "እሺ" አላት በመጨረሻ። "እንሄዳለን። ብረት መሆኑን አይተሽ ታርፊያለሽ።" ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

በሚኒባስ ሄዱ። ሮቢትን አልፈው ጎብዬ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆሙ፣ አንድ ጎረምሳ በመስኮት አይቶት "ባለ ብረቱ! ንካው አትልም ዛሬ?" አለ። አራጌ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። "ተሳስተሃል፤ እኔ አይደለሁም" አለው። ኢስራ ሰማች። ከዚያ እስከ ደሴ ሁለቱም መስኮቱን እያዩ ሄዱ።

ሊድያ እንዳለችው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየመራች፣ ማን ማን እንደሆነ እየነገረች፣ ሲፈሩ እየቆመች አብራቸው ዞረች። ማህበሩ የሚያግዛቸው ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አንዲት የሐይቅ ከተማ ሴት ከነሁለት ሴት ልጆቿ መጥታ ነበር። ትልቋ ልጅ ቀድማ ስለታየች በሽታው ገና ትንሽ ሳለ ተገኝቶላት ታክማለች። ኢስራ ከእነሱ ጋር ወሬ ጀመረች። አራጌ ግን ወሬው አልተሰማውም፤ የራጅ ክፍሉን በር ብቻ ያይ ነበር።

ራጅ ክፍል አስገብተው ሸሚዙን አስወለቁት። ቀዝቃዛው ሰሌዳ ላይ ደረቱን አስደግፎ "አይንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ" አለው ሠራተኛው። አራጌ ትንፋሹን ያዘና በልቡ ለመነ። ሰው ሁሉ ብረቱን አውጣልኝ ብሎ ነው የሚለምነው፤ እሱ ግን ብረት ስጠኝ አለ። ያ አላህ፣ ብረት ይሁንልኝ። ትልቅ ይሁን፣ ልቤን ነክቶ ይሁን፣ ዛሬውኑ ይግደለኝ፤ ብቻ ብረት ይሁን። የልጄ እንዳይሆን የኔ ብቻ ይሁን። ሠራተኛው "ይተንፍሱ" ሲለው አልሰማም፤ ሁለተኛ እስኪነግረው ትንፋሹን እንደያዘ ቆየ።

ሐኪሙ ይድነቃቸው ይባላል። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለው። ትከሻው አካባቢ ያሉት ፍንጣሪዎች ነጭ ሆነው ቦግ ብለው ይታዩ ነበር። አራጌ ቶሎ ብሎ "ይኸው ብረቶቼ!" አለ።

"አዎ፣ የትከሻዎ ብረቶች እነዚህ ናቸው" አለ ሐኪሙ። ጣቱን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረገ። "እዚህ ግን ብረት የለም።"

"ማግኔት የማይስበው ይሆናላ። ናስ ይሆናል።"

"ናስም ቢሆን ይታይ ነበር። ማንኛውም ብረት ይታያል።"

"እስቲ ደግመው ይዩት ዶክተር። ከጎን ቢሆንስ?"

ይድነቃቸው አልተቆጣም። ደግሞ አየለት፤ ከጎን የተነሳውንም አሳየው። ከዚያ በእጁ ዳሰሰው፤ ብብቱንም ዳሰሰና እዚያ ጥቂት ቆየ። "በመርፌ ናሙና እንወስዳለን" አለው። "መርፌው ሳይናገር ስሙን አልጠራውም። ግን ጋሽ አራጌ፣ አልዋሽዎትም፤ አልወደድኩትም። ቢሆንም ሕክምና አለው፣ እንታገለዋለን። ልጅዎ ግን ሌላ ቀን አትበል፤ ዛሬውኑ ትታይ። ከዛሬ ጀምሮም በየጊዜው እየመጣች ትታያለች።"

አራጌ ሸሚዙን ለበሰ። ቁልፎቹን ሲቆልፍ ተዛነፉበት፤ ፈቶ እንደገና ቆለፋቸው። ጊዜ ለማራዘም ነበር። ከበሩ ውጭ ኢስራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ብረት ነው ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር ይህ ቀን ያልፋል። ልጅቷ ትስቃለች፣ በመንገድ ላይ ሙዝ ገዝተው ይበላሉ፣ ነገ ጭማቂ ቤቷን ትከፍታለች። ሐኪሙን ሌላ ጊዜ እንመጣለን ሊለው ይችላል። እናቱም መጋረጃውን ዘግታ ሞታ አልነበር? ይህን ያሰበው ፈርቶ ነው፤ ከዕድሜው ሁሉ ይበልጥ የፈራው በዚያች ሰዓት ነው። የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ከዚያ ከፈተው።

ኢስራ ብድግ አለች። ሊድያ ከጎኗ ነበረች።

"ብረት ነው አባዬ?"

"አይደለም።"

እሷ ታለቅሳለች ብሎ ነበር። አላለቀሰችም። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ወደ እሱ መጥታ ደረቱን ሳይሆን እጁን ያዘች። "ያምሃል?" አለችው።

"አያመኝም" አላት። "ፈርቻለሁ እንጂ። ስላንቺ ፈርቻለሁ ልጄ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ሊድያ ፈንጠር ብላ ጠበቀቻቸው።

ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ ብቅ አለችና "ኢስራ አራጌ!" ብላ ተጣራች።

አራጌ ስሙ ከልጁ ስም ኋላ ሲጠራ መስማት ይወድ ነበር። ተማሪ ሳለች ለሽልማት ስትጠራ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያጨበጭበው። አሁን ግን ያ ስም ጥላ ሆኖ ከኋላዋ ሲከተላት ሰማው። ሳያውቀው እሱም ወደ ነርሷ ተራመደ። ነርሷ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ አይታ "ማንኛችሁ ናችሁ?" አለች።

"ኢስራ እሷ ናት" አለ። "አራጌው እኔ ነኝ።"

ኢስራ እጇን ከእጁ ቀስ ብላ አወጣችና ገባች። በሩም ተዘጋ።